እማዬ የነበረችባቸው ካሴቶች

አባዬ፣ የኔ አባት፣

ከተለየኸን ዛሬ ዘጠኝ ወር ሆነ። ቤቱ እንዳለ ነው፤ የሰፈራችን የከዚራ ዛፎችም እንዳሉ ናቸው። ኤርሚያስ ሴት ልጅ ወልዷል፤ ስሟን በእማዬ ስም አወጣላት። ይህን የምስራች ብቻ ጽፌልህ ባቆም ደስ ባለኝ። ሌላ የምነግርህ አለ፤ እሱን ለመጻፍ ስንት ወረቀት ቀድጃለሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት ትዝ ይልሃል? ሙቀቱ ሲበረታ መስኮቱን ዘግተህ፣ ቴፑን ጠረጴዛው ላይ አውጥተህ፣ የላላውን የካሴት ክር በእርሳስ እያጠነጠንክ ትጠራን ነበር። እማዬ በሕይወት ሳለች የቀዳሃቸው አሥራ አንድ ካሴቶች ነበሩ። ኤርሚያስ የሚፈልገው ግን አንዱን ብቻ ነው፤ እሱን አርግዛ ሳለች የተቀዳውን። እማዬ እየሳቀች ሆዷን ታናግራለች፤ "አንተ ረባሽ፣ ዛሬስ አስተኛኝ" ትለዋለች። ከሩቅ ባቡሩ ይጮኻል። አንተ "ቀረብ በይ፣ ድምፅሽ አይገባም" ትላታለህ። እሱን ወልዳ በሳምንቷ ሞተች። ወንድሜ እናቱን የሚያውቃት በዚያ ካሴት ብቻ ነበር። አንዴ ቴፑ ክሩን በልቶ ሲበጥሰው፣ በጥፍር ቀለም አጣበቅከው። ከዚያ በኋላ እዚያች ቦታ ሲደርስ "ጠቅ" ይል ነበር፤ እኛም ትንፋሻችንን ይዘን እንጠብቀው ነበር።

ያጠፋሁት እኔ ነኝ አባዬ። ቤቱን ቀለም ስናስቀባ፣ ይሄ ሁሉ አቧራ ምን ያደርግልናል ብዬ ታይዋን ገበያ ወስጄ ወደ ፍላሽ አስገለበጥኳቸው። ካሴቶቹን ከነቴፑ ለቆራሌ ሰጠሁ። አልጠየቅኩህም። ዘመድ ጥየቃ ሄደህ ስትመለስ መደርደሪያው ባዶ ነበር። ጥፍር የምታክለዋን ፍላሽ መዳፍህ ላይ አኖርኩልህ። አገላብጠህ አየሃትና "እናትሽ እዚህ ውስጥ ናት?" አልከኝ። እኔ ሳቅኩ፤ አንተ አልሳቅክም። አንድ ጊዜ በስልኬ አሰማሁህ፤ "ጥሩ ነው፣ ይሰማል" አልክ። ከዚያ ወዲያ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ አልጠራኸንም። ምን ያህል እንዳዘንክ የገባኝ አሁን ነው።

ለልጅቷ ክርስትና ኤርሚያስ "አያቷን ትስማት" አለኝ። ፍላሹን ስሰካው ባዶ ነው። ኮፒ አላስቀረሁም፤ የያኔው ስልኬም ከተበላሸ ቆይቷል። ታይዋን ሦስት ጠጋኞች ጋ ዞርኩ። የመጨረሻው ፊቴን አይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገና "እህቴ፣ ምንም የለበትም፤ አትድከሚ" አለኝ። ቆራሌዎቹ ዕቃ የሚያከማቹበት ግቢም ሄድኩ። "ካሴት? እሱማ ድሮ ተፈጭቷል" ብለው ሳቁብኝ።

ለኤርሚያስ ነገርኩት። ቢቆጣ፣ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ልጁን እንዳቀፈ "በቃ አንቺ በይልኝ፤ እሷ እንዳለችው አድርገሽ" አለኝ። ሞከርኩ። "አንተ ረባሽ" ስል የራሴ ድምፅ ወጣ። ደገምኩት። "ተዪው፣ አይመስልም" አለና ተነሥቶ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ሲደውል ልጅቷ ደህና መሆኗን ነግሮኝ ይዘጋል።

ያንተም ድምፅ እዚያው ነበር አባዬ። "ቀረብ በይ" ያልካት ቀስ ብለህ ነበር ወይስ እየሳቅክ? አሁን እርግጠኛ አይደለሁም። እማዬም ሳስታውሳት በየቀኑ እኔን እየመሰለች መጣች። ይቅርታ ልጠይቅ ነበር የተነሣሁት። ማንን ልጠይቅ? አንተ የለህም፤ እሷም ለሁለተኛ ጊዜ ሄዳለች።

አንድ ደብተር ገዝቻለሁ። በየካሴቱ ከነበረው የማስታውሰውን ለልጅቷ በእስክሪብቶ እጽፍላታለሁ። አልጨምርበትም፣ አላሳምረውም። የረሳሁት ቦታ ስደርስ መስመሩን ባዶ እተወዋለሁ። አንተንም እማዬንም በዚህ ልክ ለማስታወስ ቃል እገባልሃለሁ፤ ከዚህ በላይ የምሰጣችሁ የለኝም።

ልጅህ ሰናይት