ሐሙስን የምትዘል ልጅ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 7 ቀን 1971

አርባ ስምንት የፈተና ወረቀት አረምኩ። ክፍልፋይ መደመር የሚችሉት ስድስት ናቸው። አሥራ አንደኛ ክፍል ደርሰው...

ዘመናይ ከቤተ ክርስቲያኑ መዋዕለ ሕፃናት አቧራ ለብሳ መጣች። ቦርሳዋን ፈተሽኩ። ደብተር የለም። አንድ ቆርኪና ሁለት ጠጠር። ወር ሙሉ የተማረችው ይህን ነው? የልጅ ልጄ አምስት ዓመቷ ነው። አባቷን፣ ልጄን ኃይለየሱስን፣ ግንቦት ላይ ዓይኗ እያየ አስረው ከወሰዱት ወዲህ አንድ ቃል አልወጣትም። አዲስ አበባ ያሳየናቸው ሐኪም "ጤነኛ ናት፤ ይጠብቁ" ነው ያሉት። እስከ መቼ?

ዓርብ፣ ጥቅምት 10

መዋዕለ ሕፃናቱ ድረስ ሄጄ ተናገርኩ። አስተማሪዋ ሮማነወርቅ ናት፤ የድሮ ተማሪዬ። አንድ ጊዜ የመቀነስ ምልክት ረስታ ሰሌዳው ሥር አንበርክኬያታለሁ። የረሳችው አይመስለኝም።

"ፊደል መቼ ነው የሚጀመረው?"

"ጀምረናል ጋሼ።"

"የታለ?"

መሬቱን አሳየችኝ። በኖራ የተሰመረ ሰኞ ማክሰኞ። ከእሑድ እስከ ቅዳሜ ሰባት ቤት፣ በየቤቱ የቀኑ ስም ተጽፏል። ልጆቹ በአንድ እግር እየዘለሉ እግዜር በዚያ ቀን የፈጠረውን ይጠራሉ። የተሳሳተ "ተቃጠልክ" ተብሎ ይወጣል።

"ይሄማ ጨዋታ ነው።"

"አዎ ጋሼ።"

"ለጨዋታማ ቤቷም መዋል ትችላለች።"

"እቤት ትጫወታለች? ከማን ጋር?"

ተናድጄ ወጣሁ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 13

ላስወጣት ቆርጬ ሄድኩ። አጥሩ ጥግ ቆሜ አየኋት። እሷ ትዘላለች፣ ሌሎቹ ይጠሩላታል። እሑድ፣ ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ... ከዚያ ሐሙስን ተሻግራ ዓርብ ላይ አረፈች። ሦስት ጊዜ እንዲሁ።

"ተሳስታለች። አርሚያት እንጂ።"

"ሁልጊዜ ትዘለዋለች። ይተዉአት ጋሼ። ልጆቹም ትተውላታል።"

"ጨዋታው ሕግ የለውም?"

ኖራ አንሥታ የደበዘዘውን መሥመር ታድስ ጀመር።

ስመለስ ጋሪ ላይ ነው የገባኝ። ባለጋሪው ፈይሳ "አካም ጋሼ፣ ዛሬ ደግሞ ምነው ዝም አሉ?" ይለኛል። ኃይለየሱስን የወሰዱት ሐሙስ ነው። እኔ እዚህ ደብተር ላይ ጽፌዋለሁ። እሷ የት ትጻፈው?

አላስወጣኋትም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 22

ግቢያችን ሲሚንቶ ላይ በከሰል ሰባት ቤት አሰመርኩ። በማስመሪያ። ዘመናይ መጥታ አየችው... ተመልሳ ገባች።

እሑድ፣ ኅዳር 3

እናቷ ሙሉብርሃን ለኃይለየሱስ ስንቅ አድርሳ ከእስር ቤት ተመለሰች። ስንቁን ተቀብለዋታል። ባዶው ሳህን ተመልሷል። በሕይወት አለ። ዛሬ ሌላ አልጽፍም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 9

ዘለልኩ። በሃምሳ አራት ዓመቴ፣ በአንድ እግር፣ የዘመናይን ጠጠር ይዤ። ዘመናይ በረንዳው ላይ ቁጭ ብላ ታያለች። ጎረቤታችን አሰፋሽ በአጥሩ ላይ አንገቷን አሰገገች።

"ጋሽ ገብረኪዳን፣ ምን ሆኑብን?"

"እየተማርኩ ነው።"

"እንግዲያው ሱሪዎን ሰብሰብ ያድርጉት፤ እንዳይጥልዎት።"

እሑድ፣ ብርሃን። ሰኞ፣ ጠፈር። ማክሰኞ፣ ተክል። ረቡዕ፣ ፀሐይ። ሐሙስ ላይ ጠፋኝ። እውነቴን ነው፣ ጠፋኝ። ዩኒቨርሲቲ ይህን አላስተማሩኝም።

"እንስሳት" አልኩ።

"ወፍ ነው።"

መጀመሪያ አሰፋሽ መስላኝ ነበር። ዞር ስል ዘመናይ ተነሥታለች። መጥታ ሐሙስ ላይ፣ እግሬ አጠገብ፣ በሁለት እግሯ ቆመች።

"ወፍና ዓሣ ነው አባባ። እንስሳት ዓርብ ነው። ተቃጠሉ። ይውጡ።"

ድምፅዋ ጎርነን ብሏል። ስድስት ወር ሳይነካ የኖረ ድምፅ... አሰፋሽ አፏን በነጠላዋ ይዛ ቀረች። ሙሉብርሃን ነገ ስንቅ አድርሳ ስትመለስ ምን እላታለሁ? ምንም አልላትም። ራሷ ትስማው።

ሠላሳ ዓመት የሰው ስሕተት ሳርም ኖሬያለሁ። ሲያርሙኝ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ወጣሁ። ጠጠሯንም ሰጠኋት።

"ተራዎ ሲደርስ እንደገና ከእሑድ ነው የሚጀምሩት" አለችኝ።

ልክ ናት። ከእሑድ ጀመርኩ።