ጀልባ ሳያስቆሙ ወፍ ፎቶ ያነሡ የነበሩት የአቶ ላጲሶ ኤርጫፎ የሕይወት ታሪክ

አቶ ላጲሶ ኤርጫፎ ከአባታቸው ከአቶ ኤርጫፎ ዴላሞ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ሣራ ሎምቦሶ በ1953 ዓ.ም. በሆሳዕና ከተማ አቅራቢያ ተወለዱ። እዚያው እስከ ዐሥረኛ ክፍል ተምረው በ1972 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ መጡ። ፎቶ ማንሣትን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማራቸውም፤ ወለል ሊጠርጉ በተቀጠሩበት ፎቶ ቤት በዓይናቸው ሰርቀው ነው የተማሩት። በ1984 ዓ.ም. ጉርድ ሾላ ላይ የራሳቸውን ፎቶ ቤት ከፈቱ። በ1986 ዓ.ም. ከወ/ሮ ሉሊት ገሰሰ ጋር ጋብቻቸውን መሥርተው እዝራንና ማራናታን አፍርተዋል። ዛሬ እዚህ ከቆማችሁት መካከል አቶ ላጲሶ አገጩን በጣታቸው ያላቃኑለት ጥቂት ነው።

በ2000 ዓ.ም. ሙሽሮችን ለማንሣት ዝዋይ ሐይቅ ወረዱ። ሙሽሮቹ ጀልባ ላይ ሲሳሳቁ የእርሳቸው ካሜራ ወደ ወፎቹ ዞረ። አልበሙ ሲታተም ዐሥራ አንድ ፔሊካን ይዞ ወጣ። የሙሽራው እናት ፎቶ ቤቱ ድረስ መጥተው «እነዚህ ደግሞ በማን ወገን የተጠሩ ናቸው?» ብለው ጠየቁ። አቶ ላጲሶ ይቅርታ ጠየቁ፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን ተመልሰው ሐይቁ ላይ ነበሩ።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ያነሡት የሚበር ወፍ ጅራት ብቻ ነው። የፎቶ ቤት ሰው ነበሩና ሁሉም ነገር ቀጥ ካላለ አያነሡም፤ ወፍ ባዩ ቁጥር ጀልባ ነጂውን ገረመውን «አቁም!» ይሉት ነበር። በመጨረሻ ገረመው «ጋሼ፣ ጀልባው ሲያልፍ ወፏ ሥራዋን አትተውም። ሲቆምባት ነው ‹ይሄ ሰውዬ ምን ፈልጎ ነው?› የምትለው» አላቸው። እስከዚያ ለምን ዝም እንዳለ ሲጠየቅ «አቁም ያሉት እርስዎ ነዎት» ብሎ መለሰ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጀልባ አላስቆሙም። ከፊት ተንበርክከው፣ ክርናቸውን ጎናቸው ላይ አጣብቀው፣ ትንፋሻቸውን ይዘው ያነሡ ነበር። ዋና አይችሉም ነበር፤ ወ/ሮ ሉሊት ይህን ለአሥራ አራት ዓመት በየቅዳሜው አስታውሰዋቸዋል። «ወፍ ጠባቂው» እያሉ ይስቁባቸው የነበሩ ዘመዶችም አሉ። ለቅሶ ላይ ስለሆንን ስማቸውን አንጠራም።

ውሃ ላይ በተነጠፈ ቅጠል ላይ የምትራመድ ጃካና የምትባል ወፍ አለች። እናቲቱ እንቁላሏን ጥላ ትሄዳለች፤ ጫጩቶቹን የሚያሳድገው አባትየው ነው። ሲሰጋ ክንፉ ሥር ሸጉጦ ይሸከማቸዋል፤ ቀጫጭን እግሮቻቸው ብቻ ተንጠልጥለው ይታያሉ። አቶ ላጲሶ ይህን በ2009 ዓ.ም. አንድ ጊዜ አይተው ካሜራቸውን እስኪያነሡ አመለጣቸው። ከዚያ ወዲህ ሐይቅ የሚወርዱት ለእርሱ ነበር ማለት ይቻላል። በ2014 ዓ.ም. ግን ቀኝ እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ፎቶ ቤቱን ዘጉ፤ ሐኪምም ቤተሰብም ጀልባውን ከለከላቸው።

መስከረም 2018 ዓ.ም. ላይ ገረመው ደውሎ ጫጩቶቹ መፈልፈላቸውን ነገራቸው። ማንንም ሳያስፈቅዱ ወደ ሐይቁ ወረዱ። አብራቸው የሄደችው ልጃቸው ማራናታ ጀልባው ላይ ከኋላ ወገባቸውን አቅፋ ያዘቻቸው። ወፉ ጫጩቶቹን ሲሸከም እጃቸው በጣም ይንቀጠቀጥ ስለነበር «አባ፣ ለእኔ ስጠኝ» አለቻቸው። «አንቺ የራስሽን ወፍ ፈልጊ» አሏት።

ስልሳ ሦስት ጊዜ አነሡ። ስልሳ ሁለቱ ጭጋግ ናቸው። በአንዱ ቅጠሉና ውሃው ደብዝዞ አባትየው ግን ጥርት ብሎ፣ ስድስት ትንንሽ እግሮች ከክንፉ ሥር ወጥተው ይታያሉ። ፎቶ ሲመርጡ ርኅራኄ ያልነበራቸው አቶ ላጲሶ ሆስፒታል ተኝተው ታትሞ ሲመጣላቸው ለረጅም ጊዜ አዩትና «ይሄስ ይሁን» አሉ። የራሳቸውን ሥራ ሲያደንቁ የተሰማው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

አቶ ላጲሶ በሕመማቸው ላይ የሳንባ ምች ተጨምሮባቸው በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ65 ዓመታቸው ወደ ጌታቸው ሄደዋል። ባለቤታቸውን ወ/ሮ ሉሊትን፣ ልጆቻቸውን እዝራንና ማራናታን ትተውልናል። የታመኑለት ጌታ ነፍሳቸውን በደስታ ይቀበል፤ ለወ/ሮ ሉሊትም ብርታቱን ይስጥ።

ፎቶው በዚህ ወረቀት ጀርባ አለ። እባካችሁ ወረቀቱን አትጠፉት።