ሰናይት ያለቀሰችበት ድርሰት

ቅዳሜ፣ ሜይ 17፣ 1997፤ ኦክላንድ

ዛሬ ማለዳ በሬ ተንኳኳ። ጋሽ በቀለና ሌሎቹ የእድሩ ሽማግሌዎች ናቸው፤ ከኋላቸው እህቴ ሰናይት ጥቁር ለብሳ ቆማለች። ማንም አፉን ሳይከፍት መርዶ መሆኑ ገባኝ። ታናሽ ወንድማችን ዳዊት አዲስ አበባ አርፏል።

"መቼ?" አልኩ።

"አርባው ወጥቷል፣ ልጄ" አሉኝ ጋሽ በቀለ። "ፋይናልሽን እስክትጨርሺ ማንም ትንፍሽ እንዳይል ብለን ነው።"

ሰናይትም እንደ ማንም ናት እንዴ?

ባለፈው ሰሞን ከሳን ሆዜ ልትጠይቀኝ ስትመጣ ለኮሌጅ የጻፍኩትን ድርሰት አነበብኩላት። ስለ አንድ የጥንት ግሪኮች ትራጄዲ ነው። ንጉሡ አንድ ሟች እንዳይቀበር ሲከለክል አንዷ የሟቹ እህት እምቢ ብላ አፈር ታለብሰዋለች፤ ሌላዋ ፈርታ ትእዛዙን ታከብራለች። እኔ ደግሞ ለፈራችው ጥብቅና ቆሜ "ፈሪ ናት እንጂ ከዳተኛ አይደለችም" ብዬ ጽፌ ነበር። ሰናይት ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። እኔ ሞኟ፣ ድርሰቴ ልቧን የነካው መስሎኝ ደስ አለኝ! ስሸኛት መኪናዋ ውስጥ ጥቁር ቀሚስ አይቼ ብጠይቃት "ላውንድሪ ነው" አለችኝ። ለካ ሐዘኗን መንገድ ላይ አውልቃ ነው እኔ ቤት የምትገባው።

ለቀስተኛው ሲሄድ ሁለታችን ብቻ ቀረን። ፊቴን አዞርኩባት።

"ሽማግሌዎቹን እንዴት እምቢ ልበል?" አለችኝ። "ደግሞስ አንቺው ራስሽ ከዳተኛ አይደለችም ብለሽ የለ?"

ብያለሁ። ያን ስጽፍ ግን ወንድም ያለኝ መስሎኝ ነበር።