አባ ቆርቆሮ የተንጠለጠሉባቸው ጣሪያዎች

ሠፈሩ «አባ ቆርቆሮ» የሚላቸው ወንድማችን ከአውቶቡስ ሹፌር አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1949 ዓ.ም. ተወለዱ። እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረው በአውቶቡስ ጋራዥ በበያጅነት ተቀጠሩ። በ1976 ዓ.ም. ከጋራዡ ዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ጋር ትዳር መሥርተው ወንድና ሴት ልጅ አፍርተዋል። ባለቤታቸው «ብሎን አለቀብኝ እያለ ሲመላለስ፣ ጋራዡ ብሎን የሚበላ መስሎኝ ነበር» እያሉ ይቀልዱባቸዋል።

ሰው በፀሐይና በዝናብ ቆሞ አውቶቡስ ሲጠብቅ ማየት አንጀታቸውን ይበላቸው ነበር። ከተማው መጠለያ ለማሠራት አቅም የለኝም ሲል፣ የሚጣለውን የአሮጌ አውቶቡስ ጣሪያ፣ ቧንቧና ወንበር ለምነው በ1988 ዓ.ም. የመጀመሪያውን ፌርማታ አቆሙ። ጥድፊያው ግን ጦስ አመጣ። አንዱን ቧንቧ ከላይ ቀለም ቀቡት እንጂ ውስጡን አላዩትም፤ ዝገት በልቶት ኖሯል። ነፋስ በበረታበት ቀን ጣሪያው ወድቆ የገዛ ልጃቸውን ክንድ ሰበረ። ክንዷ እስከ ዛሬ ቀጥ ብሎ አይዘረጋም።

ከዚያ ወዲህ አንድ አመል አወጡ። ማንኛውም ፌርማታ ለሕዝብ ከመከፈቱ በፊት ራሳቸው የጣሪያው አግዳሚ ብረት ላይ ይንጠለጠላሉ። ያልሳቀባቸው ሰው አልነበረም፤ እሳቸው ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ብለው ብዙ ፌርማታ በዚህ መልክ ሠሩ። ልጃቸው አንዱም ሥር ቆማ አታውቅም፤ ዶፍ ቢወርድ እንኳ ውጭ ትደበደባለች። ነገሩ እንደ እሾህ ቢወጋቸውም አንድም ቀን «ግቢ» አላሏትም።

ዘንድሮ የሳንባ ሕመም ጠናባቸው። የመጨረሻው ፌርማታ ሆስፒታሉ በር ላይ ሲያልቅ እሳቸው ከተሽከርካሪ ወንበር መነሣት አቅቷቸው ነበር። ልጃቸው እየገፋች ወሰደቻቸው። ወዲያው ሰማዩ ጠቆረ፤ ነፋሱ ተነሣ፤ ሕመምተኛው ሁሉ ወደ መጠለያው መሮጥ ያዘ። አባ ቆርቆሮ «አትግቡ! ገና አልተሞከረም!» ብለው ድምፃቸው እስኪዘጋ ጮኹ። የሰማቸው የለም።

ያን ጊዜ ልጃቸው ወንበሩን ለቃ ሮጠች። ሰዉን በትከሻዋ ገፍታ መለሰችና አግዳሚውን በደህናው እጇ፣ ከዚያም በዚያ በማይዘረጋው ጨበጠች። እግሮቿ ከመሬት ተነሡ። ቆርቆሮው ተንጓጓ። ጣሪያው ግን ንቅንቅ አላለም።

«አባዬ፣ ችሏል! ና ግባ!» አለቻቸው።

ወንበራቸውን ገፍታ አስገባቻቸውና ዝናቡ እስኪያባራ ጎን ለጎን ተቀመጡ። በዚያው ሳምንት ሐሙስ ሚያዝያ 9 ቀን 2017 ዓ.ም. አባ ቆርቆሮ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና የልጅ ልጆቻቸውን ትተው ዐረፉ። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ፀሐይና ዝናብ በማይደርስበት ስፍራ ያኑርልን።

ከቀብር ስትመለሱ አውቶቡስ የምትይዙት ሆስፒታሉ በር ላይ ነው። ግቡ፣ ተቀመጡ፤ ተሞክሯል።