ከነነፍሷ የታጠበችው ዶሮ

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 21

ዝናብ። ያጠብኩት ልብስ ሦስተኛ ቀኑ፣ አልደረቀም። መዝገብ ቤት ግማሽ ቀን ገባሁ፤ የሻገተ ፋይል ሳራግፍ ሲያስነጥሰኝ ዋለ። ጊፍቲ እንደ ሁልጊዜው በር ላይ ጠብቃኝ ጫማዬን ወጋ ወጋ አድርጋ ተከትላኝ ገባች። ከአጥሩ ጀርባ ባጃጅ የሚጠግነው ደበሳ ስሟን ስጠራ ሁሌ ይስቃል። "ዶሮ ጊፍቲ ትባላለች? በኦሮምኛ እመቤት ማለት እኮ ነው!" አውቃለሁ። አውቄ ነው ያወጣሁላት።

ምሳ ላይ እትዬ ሽብሬ ዱብ አደረገችው። እህቴ ነገር መጠቅለል አታውቅበትም።

"ለእንቁጣጣሽ ፋሲል ከአክስቱ ጋር ከጎሬ ሊያይሽ ይመጣል። ሚስቱ የሞተችበት አስተማሪው። ዶሮውን አንቺ ነሽ የምትሠሪው። እዚያ የጠፋ ስምሽን እናድስ።"

"የትኛውን ዶሮ?"

በአገጯ ወደ ጊፍቲ ጠቆመች። "እንቁላል ካቆመች ሁለት ወሯ። ጡረታ ልታበያት ነው?"

አዎ፣ አበላታለሁ! አላልኩም ግን። ጉርሻዬን ዋጥኩ።

እሑድ፣ ነሐሴ 22

ለራሴ እንኳ ጽፌው አላውቅም። ልጻፈውና ይውጣልኝ።

የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት፣ ጎሬ፣ አማቴ ቤት። የንስሐ አባታቸው ተቀምጠዋል። ከሠራሁት ዶሮ ወጥ ውስጥ ላባ ወጣ። አንድ። ከጥፍሬ የማትበልጥ። አማቴ በሁለት ጣቷ አንስታ ለሰው ሁሉ አሳየች። "ልጄ ያገባት ዶሮ ማጠብ የማታውቅ ነው!" ከዚያ የሰፈሩ መሳለቂያ ሆንኩ። "አሥራ ሁለት ብልት አወጣች፣ አሥራ ሦስተኛው ላባ።" ባሌስ? እሱም ሳቀ። ከዚህ ሁሉ የሱ ሳቅ ነው ያልወጣልኝ። በስድስት ወሩ ተፋታን። እዚህ መቱ ከተማ ከእህቴ በቀር የሚያውቅ የለም። ዶሮ ወጥ ከዚያ ወዲህ በእጄ ነክቼ አላውቅም።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 24

ከሥራ ስመለስ ጊፍቲ በር ላይ የለችም። ደበሳ አጥሩ ጋ ቆሟል፣ ጥቁር ነገር በሁለት እጁ አቅፎ። የሞተር ዕቃ መስሎኝ! ከባጃጆቹ የሚያወጣውን የተቃጠለ ዘይት የሚያጠራቅምበት ሳፋ ውስጥ ገብታበት ነው።

"ዲፋማ እትዬ ትንቢት፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ... መክደን ረስቼ..."

ከአንገቷ እስከ ጅራቷ ተጣብቃለች። ክንፏን መዘርጋት አቅቷታል። ትንቀጠቀጣለች።

እትዬ ሽብሬ አይታ አፍንጫዋን ያዘች። "በቃ፣ ይህቺ አትበላም። ጣያት።"

አትበላም! ቢላዋ ቀረላት ብዬ ደስ ሊለኝ ነበር እኮ... ግን ላባዋን በምንቃሯ ለማጽዳት ስትታገል አየኋት። ዘይቱን እየዋጠችው ነው። እንዲህ ሆና በዚህ ብርድ አትሰነብትም። ካጠብኳት ደግሞ ለድስት አዘጋጀኋት ማለት ነው። ምን ይሻላል? በጨርቅ ጠረግ ጠረግ አድርጌ ካርቶን ውስጥ አስገባኋት። ነገ አጥባታለሁ። የመጣው ይምጣ።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 25

አለቃዬን አቶ ወልደ ማርያምን "ዶሮ ላጥብ ነው፣ ከሰዓት ይፍቀዱልኝ" አልኳቸው። መነጽራቸውን አወለቁ።

"በረቡዕ? ምነው ልጄ፣ በጾም ቀን?"

"ለወጥ አይደለም። ከነነፍሷ ነው የማጥባት።"

መነጽራቸውን መልሰው አጠለቁ። ፈቀዱ። አብዳለች ብለው ሳይሆን አይቀርም። ይበሉ!

ደበሳ ናፍጣ ይዞ መጣ። "ሞተር እንዲህ ነው የሚጸዳው፣ እትዬ።" ጮህኩበት። ሞተር ናት?! መለሰና ከሰል አቀጣጥሎ ከነምድጃው አመጣልኝ።

መጀመሪያ ሳሙናውን በደረቁ። ውሃ ዘይት ላይ ቢፈስ ይንሸራተታል እንጂ ምን ያደርጋል? ፈሳሽ ሳሙና በመዳፌ፣ ወደ ላባዋ አቅጣጫ፣ ሳላሽ። ከዚያ ለብ ያለ ውሃ፣ በክርኔ ሞክሬ። ደበሳ ክንፎቿን ይዞ "ሱታ... ሱታ" ይላል፤ ለሷ ይሁን ለኔ እንጃ። እኔም ቀስ አልኩ። የመጀመሪያው ውሃ ሬንጅ ነው። አራተኛውም ያው። እትዬ ሽብሬ ለወጥ ሰባት ውሃ ትላለች፤ እኔ ዘጠነኛው ላይ ደርሼ ገና ግራጫ። መሐል ላይ ጊፍቲ ዓይኗን ጨፈነች። ሞተችብኝ ብዬ ጮህኩ።

"ኧረ ተኝታ ነው" አለ ደበሳ።

ሳፋ ውስጥ እንቅልፍ! ሆዳችንን ይዘን ሳቅን።

እትዬ ሽብሬ በሩ ላይ እጇን አጣምራ ቆማ ነበር። "የታረደችውን ማጠብ ያቃታት፣ ከነነፍሷ ልታጥብ!"

ደበሳ ፊት። አመመኝ። እጄን ግን ከሳፋው አላወጣሁም።

ዓርብ፣ ነሐሴ 27

ዛሬም አጠብኳት። ጅራቷ ሥር የቀረው ለቀቀ። በፎጣ ጠቅልዬ ከከሰሉ ራቅ አድርጌ አደረቅኋት። ገብስማነቷ ተመለሰ። እንዲህ ታምር ነበር? ጥሬ በላች።

እትዬ ሽብሬ ጎንበስ ብላ ላባዋን ገለጥ አድርጋ አሸተተች። "ውይ! እንዲህ ከጠራችማ ለበዓሉ ትደርሳለች።"

"አትታረድም።"

"ቤቱ የኔ ነው።"

"ዶሮዋ የኔ ናት።"

ድምፄ ከየት እንደመጣ አላውቅም። ሌላ ዶሮ ከገበያ ልግዛ ብል እንኳ እሺ አትልም፤ ነገሩ ከዶሮ አልፏል። እጅ እንድሰጣት ነው። አልሰጥም!

ቅዳሜ፣ ጳጉሜ 5

ቤታችን ወንድ የለም፤ በየዓመቱ የሚያርድልን ደበሳ ነው። ጠዋት እትዬ ሽብሬ ቢላዋ ስላ ጠራችው። ጊፍቲን አቅፌ መሐል ግቢ ቆምኩ።

ደበሳ ቢላዋውን አየ፣ ጊፍቲን አየ።

"እትዬ ሽብሬ፣ ሌላ ያዘዙኝን ሁሉ። ያጠብኳትን ግን አላርድም።"

ብሎ ሄደ። ዕድሜ ይስጠው። እህቴ ቢላዋውን ወርውራ ክፍሏ ገባች፣ ቀኑን ሙሉ አላናገረችኝም። ታኩርፍ።

እሑድ፣ መስከረም 1

መጡ። ፋሲል ትሑት ሰው ነው፣ ጫማውን በር ላይ ሲጠርግ አየሁት። አክስቱ ወይዘሮ በምነት ግን ገና ሳይቀመጡ ቤቱን በዓይናቸው በረበሩት። የበግ ወጥ አቀረብን። ቀመሱ። ማዕዱን ገልጠው አዩ።

"ዶሮውስ? ጎሬ የምንሰማው እውነት ነው እንዴ? ዶሮ ማጠብ አታውቅም የሚሉት?"

እትዬ ሽብሬ አንገቷን ደፋች። ይህን ጊዜ ጊፍቲ ቄጤማውን እየጫረች ከጓዳ ብቅ አለች። አላሰብኩበትም፣ እውነቴን ነው። ብድግ አልኩ።

"ይኸው ዶሮው። እኔ ነኝ ያጠብኳት። አንድ ላባ አልጎደለም።"

ከዚያ ፋሲልን ሳቅ አነቀው፣ ዳቦው ትን አለው። አክስቱ ነጠላቸውን ሰብስበው ተነሡ። እሱም ተከትሏቸው ወጣ፣ በር ላይ ግን ዞር ብሎ እጅ ነሣኝ። ቅር አላለኝም። ሰውዬው ደግ ነው፤ እኔ ግን ልፈተን አልተቀመጥኩም።

ረቡዕ፣ መስከረም 4

ወሬው ከጎሬ ዞሮ መቱ ገባ። አሥራ ሦስተኛዋ ይሉኛል፣ አሥራ ሦስተኛዋ ላባ... ውሃ ልቀዳ ስወጣ ከአጥር ውጪ የአንዲት ጎረቤት ሳቅ ሰማሁ። የእህቴንም ድምፅ።

"ላባ ወጣ፣ ታዲያስ? ላባ የሌለው ዶሮ አይተሽ ታውቂያለሽ? ዝም በይልኝ!"

ባልዲውን አስቀምጬ አለቀስኩ። ስትገባ ለጊፍቲ ፍርፋሪ በተነችላት።

ዓርብ፣ መስከረም 6

መሥሪያ ቤት አዲስ ቅጽ አስሞሉን። የጋብቻ ሁኔታ፦ ያገባች፣ ያላገባች፣ የፈታች። ከአሥር ዓመት በላይ "ያላገባች" ላይ ምልክት ሳደርግ ኖሬያለሁ። ዛሬ "የፈታች" ላይ አደረግኩ። አጠገቤ የምትሠራው የምስራች ዓይኗ ፈጠጠ።

"አግብተሽ ነበር እንዴ? በምን ተፋታችሁ?"

ከጎኑ ባለው ነጭ ቦታ ላይ በጉልህ ጻፍኩላት፦ በአንድ ላባ። ፈርሜ አስገባሁት።