የበር ከፋቹ ፊት

ጥቅምት 4

ዛሬ ምንም የተለየ ነገር የለም። ለጨዋታ ወታደሮች የሚሆን ጭቃ ሳድቦለቡል ዋልኩ። ቀስተኞቹን ጨርሼ ወደ ወጥ ሠሪው ዞርኩ። ድስቱን በጀርባው አዝሎ ጦር ሜዳ የሚሄድ ሰውዬ ነው... ቁመቱ ከአውራ ጣቴ አይበልጥም። ድስቱ ላይ ጥላሸት እንዲታይ በጥርስ ሐኪም መርፌ ስጭር ዐይኔ ፈዘዘ።

ሥራ አስኪያጇ መጣች። የጠረጴዛ ጨዋታችን "የሰባት በር ጦርነት" ክብረ በዓል ሊደረግለት ነው፣ ጨዋታውም እንደ አዲስ ይወጣል። የድሮዎቹ ዋና ዋና ሰዎች ጭንቅላታቸው ብቻ፣ ግን በትልቁ፣ ለመደርደሪያ እንዲሆን ይሠራል። መጀመሪያ ማን? በር ከፋቹ። ሌላ ማን ሊሆን። ሰው ሁሉ የሚጠላው፣ ሰው ሁሉ የሚገዛው እሱን ነው። የገዛ ከተማውን በር ለጠላት የከፈተው ከሃዲ። ጨዋታው ላይ ሲሞት ተጫዋቹ በሙሉ ጠረጴዛውን በጥፊ ይመታል። ደንብ ላይ አልተጻፈም፣ ግን ከደንብ በላይ ሆኗል።

"የጋሼን የመጀመሪያውን ሥዕል አስወጣልሃለሁ፣ እሱን እያየህ ሥራ" አለችኝ። ደስ አለኝ። ጋሼ የጨዋታው ሠዓሊ ነው፣ የድሮ ወዳጄ። ያን ሥዕል ካየሁት ስንት ዘመኔ...

ጥቅምት 7

ወደ መነጽሩ ሱቅ ጎራ አልኩ። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰክቶ መነጽሩን ሲፈልግ አገኘሁት። ስሙን በከንቱ አላወጣንለትም። የሚሸጠው የጨዋታ ካርቶን ከጣሪያ ሊደርስ ነው። ጠረጴዛዎቹ በተጫዋች ሞልተዋል።

አንዲት ወጣት ወታደሯን ዝገት ትቀባለች። በተቀደደ ስፖንጅ ጫፍ ነካ ነካ። "ይሄ የጋሼ ዝገት ይባላል" ብላ አስረዳችኝ። ለእኔ! ሳቄን ዋጥኩት። ጋሼ ያን ስፖንጅ ከወጥ ቤት ሲሰርቅና ሚስቱ ስትጮህበት አጠገቡ የቆምኩት እኔ ነኝ።

ከእሱ በፊት የነበረው ወታደር ሁሉ የሚያብረቀርቅ ሙሽራ ነበር። ጫማቸውን የቀደደው ጋሼ ነው። ያደከማቸው፣ ያስራባቸው፣ ድስት ያሸከማቸው እሱ ነው። አሁን የማንም ጨዋታ ይሁን፣ የትም ይሠራ፣ ወታደሩ የጋሼ ልጅ ነው። ይህን ሳስብ እኮራለሁ። እሱ በወረቀት፣ እኔ በጭቃ... ወንድሜ ነው ብል ማን ይከለክለኛል?

ጥቅምት 12

ሥዕሉ መጣ። ወረቀቱ ጠርዙ ወይቧል፤ እርሳሱ ግን ትናንት የተሣለ ይመስላል። የዚያን ጊዜው የጋሼ እጅ! አሁንማ ስኒ እንኳ በሁለት እጁ ነው የሚይዘው።

ጭንቅላቱን ጀመርኩ። ጥሩ ፊት ነው፣ የሚታመን ዓይነት። ለዚህም ይሆናል የበሩን ቁልፍ የሰጡት።

ጥቅምት 15

ባለቤቴ የታጠበ ልብስ ይዛ ገባች። ቆም ብላ ጭቃውን አየችው።

"ራስህን ነው እንዴ የምትሠራው?"

"በር ከፋቹን ነው።"

"ይሄን ጆሮ አጣዋለሁ? ስንት ዘመን ስጮህበት የኖርኩት ጆሮ ነው።"

ሳቅን። ልብሱን አስቀምጣ ወጣች። እኔ መስታወት ፊት ሄጄ ቆምኩ... ሳቄ እዚያው ቀረ።

ጥቅምት 16

ጆሮው ጫፉ ላይ የታጠፈ ነው። የኔም። ቅንድቡ መሐሉ ላይ ተከፍሏል። የኔም። አፍንጫው... አፍንጫውን ተወው።

ሥዕሉ ከግራ ጎን ነው። ሰው የራሱን ፊት ከጎን መቼ ያየዋል? ያኔ መጀመሪያ ሲሠራም የቀረጽኩት እኔው ነኝ፣ በነዚህ እጆቼ። ጥፍር የምታህል ፊት። ጆሮውን "የድሮ ቁስል ይሆናል" ብዬ በመርፌ ጠቅ አድርጌ አለፍኩት። የገዛ ፊቴን አልለየሁትም። ይሄ ሁሉ ሕዝብ ጠረጴዛ ሲመታ እኔ ዳር ቆሜ እስቅ ነበር። አብሬ የመታሁበትም ቀን አለ።

ለምን እኔን? ቀልድ ይሆናል። ጋሼ ቀልድ ይወዳል።

ጥቅምት 18

ቀልድ አይደለም። ዛሬ ጭቃ እያሸሁ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። በድሮው ወርክሾፕ የበሩ ደወል በጮኸ ቁጥር ሁሉም "እሱ ይክፈት፣ በር መክፈት ያውቅበታል" ይሉ ነበር። ለበሩ ቅርብ ስለምቀመጥ ነው የመሰለኝ። ተነሥቼ እከፍት ነበር። እየሳቅኩ።

ሁሉም ያውቁ ነበር ማለት ነው?

ጥቅምት 21

ባለቤቴ "ሂድና ፊት ለፊት ጠይቀው፣ አፍ የለህም?" አለችኝ። ዛሬም አልሄድኩም።

ጥቅምት 23

ሄድኩ። ጋሼ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጦ ብርቱካን ሊልጥ ይታገላል። እጁ አልታዘዝ ብሎታል። ተቀብዬ ላጥኩለት። ለምን ላጥኩለት? ልማድ ነዋ።

የጭንቅላቱን ፎቶ ከስልኬ አውጥቼ አሳየሁት።

"ቆንጆ ሆኗል" አለ።

"ማነው ጋሼ?"

ብርቱካኑን አኝኮ ጨረሰ። "እስከ ዛሬ አላወቅክም?"

"አንተው ንገረኝ።"

ነገረኝ። ጨዋታው ገና ሳይወጣ ሥዕሎቹ ተሰርቀው የሌላ ድርጅት ካርቶን ላይ ታዩ። ይሄን እኔም አልረሳውም፤ ጋሼ እህል አልቀምስ ብሎ እኔ ነበርኩ የማባብለው። የወርክሾፑ ቁልፍ ያለን እሱና እኔ ብቻ ነበርን። ስለዚህ ሌባው እኔ እንደሆንኩ ደመደመ፣ በልቡ። አፍ አውጥቶ አልጠየቀኝም። እርሳሱን አነሣና ሣለኝ። ለሌሎቹ ግን ሹክ ብሏቸዋል።

"ተናድጄ ነበር፣ ምን ላድርግ?" አለኝ።

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ... የሚስቴ ወንድም ሆኖ ተገኘ። ቁልፉን ከኮቴ ኪስ ወስዶ አስቀርጾት። በዓመቱ አወቅኩ።"

በዓመቱ!

"ታዲያ ፊቱን ለምን አልቀየርከውም?"

"ሰው ወዶት ነበራ። ምን ብዬ ልቀይረው? ደግሞ ሚስቴ ትሸማቀቃለች ብዬ... የቤተሰብ ነገር ነው፣ ታውቃለህ።"

አዎ፣ አውቃለሁ። ልጆቹን ትምህርት ቤት ሳመላልስ፣ ሚስቱ ሆስፒታል ስትተኛ ሳስታምም ቤተሰብ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

መጠርጠሩን እችለዋለሁ። ሰው ነው፣ ይጠረጥራል። አንድ ዓመት ጠላኝ፣ ይሁን። የቀረውን ዘመን ግን እውነቱን ሆዱ ውስጥ ይዞ ብርቱካን ያስልጠኛል? ይሄ ነው አልዋጥ ያለኝ።

ልወጣ ስል እጄን ያዘኝ። "በበዓሉ ቀን መድረክ ላይ እናገራለሁ፣ ሁሉንም። ፊቱንም ሌላ አድርገህ ሥራው፣ ፈቅጃለሁ።" ዐይኑ እንባ ሞልቶ ነበር። አመንኩት።

ጥቅምት 26

ጭንቅላቱን አፍርሼ እንደ አዲስ ጀመርኩ። የማንም ያልሆነ ፊት... ከባድ ነው። አፍንጫ ባወጣሁ ቁጥር የአንድ የማውቀው ሰው ይሆንብኛል። ወደ ጋሼ ሚስት ወንድም እንዳይሄድብኝ እጄን ስቆጣ ዋልኩ።

ኅዳር 2

ሥራ አስኪያጇ አዲሱን ፊት አየች። "ይሄ ደግሞ ማነው?"

ጋሼ እንደፈቀደ ነገርኳት።

"ጋሼ ቢፈቅድ ምን ዋጋ አለው? ያ ፊት የጋሼ መሆኑ ከቀረ እኮ ቆየ። ሰው ክንዱ ላይ ይነቀሰዋል፣ ለልጁ ልደት በኬክ ያሠራዋል። እሱም ራሱ መልሶ ሊወስደው አይችልም።"

ከበዓሉ በኋላ እንነጋገር ተባብለን ተለያየን። እሺ። ጋሼ ሲናገር በጆሮዋ ትሰማለች።

ኅዳር 9

እጄ ለመጻፍ እምቢ ብሎኝ ነበር...

የበዓሉ ቀን ባለቤቴ ሸሚዜን ደጋግማ ተኮሰችው። አዳራሹ ጢም ብሏል። ከሌላ ጨዋታ ሠሪዎች ዘንድ የመጡ ሠዓሊዎች ሁሉ አሉ። አንድ በአንድ እየተነሡ "ድካም መሣል ያስተማረን እሱ ነው" አሉ። አንደኛዋ ዕንባዋ ቀደማት። እውነቷን ነው። በዚያ ሁሉ ንዴቴ መሐል እኔም አጨበጨብኩ። የፊተኛው ወንበር ላይ የሚስቱ ወንድም እግሩን አጣምሮ ተቀምጧል።

ጋሼን ደግፈው አወጡት። "ስለ በር ከፋቹ አንድ ነገር ልንገራችሁ" ሲል ባለቤቴ እጄን ጭምቅ አደረገችኝ።

"ለከሃዲ የሚታመን ፊት አጥቼ ተቸግሬ ነበር። ወዳጄን እስቲ ፊትህን አውሰኝ አልኩት። ውሰድ አለኝ። ይኸውላችሁ፣ እስከ ዛሬ አልመለስኩለትም።"

በጣቱ ጠቆመኝ። ሰው በሳቅ አውካካ። ከዚያ ጭብጨባ፣ ያውም ቆመው። መነጽሩ ሳይቀር። ምን ላድርግ? ተነሣሁ፣ እጅ ነሣሁ። የሚስቱ ወንድም ዞር ብሎ አጨበጨበልኝ። በፈገግታ።

ሲያልቅ ተሰለፉልኝ። በር ከፋቹን ከኪሳቸው እያወጡ ፈርምልን አሉኝ። ያቺ ዝገት ቀቢዋም አለች። "የናንተ ጓደኝነት እንዴት ደስ ይላል" አለችኝ። ፈረምኩላት። ፈረምኩ፣ ፈረምኩ...

"አንድ ቃል አይወጣህም ነበር?" አለችኝ ባለቤቴ መኪና ውስጥ። ማን ይሰማኛል? ከዛሬ ወዲያ እውነቱን ባወራ ውሸታሙ እኔ ነኝ።

ኅዳር 11

ሥራ አስኪያጇ ደወለች። የድሮው ፊት ይቀጥላል። "ያን ታሪክ ከሰሙ በኋላማ ሌላ ፊት ማን ይቀበለናል? አንተው ስትሠራው ደግሞ..."

ሌላ ሰው ይሥራው አልኳት።

"ተጣላችሁ እንዴ?"

አልተጣላንም። ለመጣላትም አልታደልኩም። ብጣላው ሰው ምን ይላል? በር ከፋቹ መልሶ ካደ ይላል።

ኅዳር 13

የማንም ያልሆነውን ፊት ወደ ጭቃው ባልዲ መለስኩት።

ኅዳር 20

ራት ልንቀርብ ስንል ስልኩ ጮኸ። ሠዓሊው ነው።

"የት ጠፋህ? ተኳረፍን እንዴ?" አለኝ። "ሰው ሁሉ እኮ ወደደህ።"

"ደህና ነኝ። እርስዎስ ደህና ነዎት?"

"ማንን ነው እርስዎ የምትለው?" አለ።

"እርስዎን።"

እጅዎን እንዴት አደረገዎት አልኩ። ልጆችዎ ደህና ናቸው አልኩ። ብርድ ነው፣ መስኮቱ ጋ አይቀመጡ አልኩ። በትሕትና ተሰናብቼው ስልኩን ዘጋሁ።

ባለቤቴ ሳህን ይዛ ቆማ ታየኛለች።

"ማነው እንዲህ የምታከብረው?"

"የሥራ ሰው ነው" አልኳት።