ገጽ ስልሳ አንድ

ማርች 14
ዝናብ የቀላቀለ በረዶ። የድንች ሾርባ፣ ሦስተኛ ቀኑ። ባለቤቴ ሊዲያ በሕይወት ብትኖር ትስቅብኝ ነበር...
የሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ዚናይዳ መንገድ ላይ አስቆመችኝ። "አርሴኒ ማትቬዬቪች፣ ስለ ስታሊንግራድ ውጊያ ወጣቶች ቢያነቧቸው የሚሏቸውን አምስት መጻሕፍት ይጻፉልኝ። ለሜይ 9፣ ለድል ቀን እለጥፈዋለሁ።" ትራም መንዳት ካቆምኩ ወዲህ ሌላ ምን ሳነብ ኖርኩ?

ማርች 17
የጄኔራሎች ሁለት፣ የአንዲት ነርስ፣ የአንድ ጀርመን ወታደር ደብዳቤዎች (ዚናይዳ ታኮርፋለች። ታኩርፍ)። አንደኛ ላይ የአባቴን አደረግሁ። እዚያ ስለ ተዋጋበት ጊዜ የጻፋት ትንሽ መጽሐፍ ናት። ኩራት ይሆን? ነው። ጌታ ይቅር ይበለኝ።

ማርች 21
ክላቭዲያ ፊዮዶሮቭና ከሦስተኛ ፎቅ ወርዳ በሬን ደበደበች። ዝርዝሩን ዚናይዳ ጋ አይታለች።
"ገጽ ስልሳ አንድን አንብበኸዋል? 'ፊዮዶር እጁን አንስቶ ወደ ጀርመኖቹ ሄደ' ይላል። የኔ አባት!"
"አባቴ አይዋሽም።"
"የኔ ነዋ የዋሸው? አንድ መስመር እንኳ ሳይጽፍ!"
ግቢ እንኳ አላልኳት።

ማርች 29
ቅዳሴ ላይ ልቤ አልነበረም። ቤት ስገባ የአባቴን ረቂቅ ደብተር አወጣሁ። ላገኝ? ወይስ እንዳላገኝ?
"ውኃ አልቆብን ነበር። ፊዮዶርን ወደ ቮልጋ ወንዝ ላክሁት። አልሄድም አለ። አዘዝኩት። አልተመለሰም።" ተሰርዟል። ከላዩ ያ እጅ የማንሣቱ ነገር ተጽፏል። አርታኢው ነው እንዳልል... የትምህርት ቤት ውጤቴን ሲፈርም የኖረው የአባቴ የእጅ ጽሑፍ ነው።

ማርች 30
ደብተሩን ላቃጥል ክብሪት ጫርኩ። አጠፋሁት።

አፕሪል 3
ተናዘዝኩ። "አባቴን ላዋርድ?" አልኳቸው አባ ኒኮንን።
"አባትህ እውነቱን አንዴ ጽፎታል። የሰረዘው ፈርቶ ነው። አንተስ ምን ፈራህ?"


አፕሪል 5
ደብተሩን ይዤ ክላቭዲያ ጋ ሦስተኛ ፎቅ ወጣሁ። ቆማ አነበበችው። ሁለቴ።
"አልሄድም ብሎ ነበር..." አለች። "እናቴ ስለ እሱ ታወራው የነበረው ነው። ቤትም ውኃ ቅዳ ሲሉት ይደበቅ ነበር!" ሳቀች። ሳቁ መሀል ላይ ለቅሶ ሆነ።
"መጽሐፉን ከዝርዝሩ ላውጣው?"
"ተወው። ደብተሩ ግን አጠገቡ ይቀመጥ።"

ሜይ 9
ዝርዝሩ ላይ፣ ከአባቴ መጽሐፍ ሥር በእጄ ጻፍኩ፦ "ገጽ 61 እውነት አይደለም። ልጁ።"
የድል ቀን ሰልፉ ላይ ሰው ሁሉ የዘማች ዘመዱን ፎቶ ተሸክሟል። ክላቭዲያ ፎቶ የላትም። የአባቷን ስም ሰሌዳ ላይ ጽፋ ወጣች። ድልድዩ ጋ ክንዷ ዛለ።
"ያዝልኝ እስቲ፣ አንተ ባለ ትራም።"
ያዝኩ። አንድ ሰውዬ ጠጋ ብሎ ስሙን አነበበና፣ "አባትዎ ናቸው?" አለኝ።
"አይደሉም" አልኩት። "አባቴ የላካቸው ናቸው።"